ዝይ የሚያርፍበት ግቢ

ጠዋት ጠዋት ጋጋኖ ይቀሰቅሰኛል። የምኖረው ቡራዩ ነው፣ ኪራይ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፤ ገና ጎሕ ሲቀድ ከገፈርሳ ግድብ በኩል የተነሡት ጋጋኖዎች የተቆጣ ሰው በሚመስል ድምፅ እየተንጫጩ በጣሪያችን ላይ ሲያልፉ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ የረጠበ ፍራሽ ይሸተኛል። ፍራሼ ደረቅ ነው። ቢሆንም እግሬን ከአልጋ ከማውረዴ በፊት እጄን ሰድጄ ወለሉን እዳስሳለሁ፣ ምናልባት ውሃ ገብቶ እንደሆነ ብዬ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ውሃ እንደማይገባ አጥቼው አይደለም፤ እጄ ግን ያደገው ሱሉልታ ነውና እስካሁን አላመነም።

ሱሉልታ የገባነው እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ከዚያ በፊት አባቴ፣ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ናቲና እኔ አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ክፍሉን በመጋረጃ ከፍለን እንኖር ነበር። አባቴ ደምሴ የቱሪስት መኪና ሹፌር ነበር። ብዙዎቹ ተሳፋሪዎቹ ወፍ ለማየት ብቻ ባሕር አቋርጠው የሚመጡ ሰዎች ስለነበሩ፣ እነሱ ጫካ ውስጥ አንጋጠው ሲውሉ እሱ መኪናው ውስጥ ያንቀላፋ ነበር፤ እንቅልፉም ሲሰለቸው ወርዶ እነሱ የሚያዩትን ማየት ጀመረ፣ እንዲህ እንዲህ እያለም የወፍ ፍቅር ለከፈው። አንድ ሽማግሌ ቱሪስት ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌ ባይናኩላሩን ትቶለት ሄደ። እናቴ ዘውዴ «ሰው መጠጥ ውስጥ ይገባል፣ የኔው ወፍ ውስጥ ገባ» ትል ነበር። እሷ ፒያሳ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ በሩን ራሷ የምትከፍተውና የምትዘጋው ቤት እንዲኖራት እንጂ ሌላ ብዙ ምኞት አልነበራትም።

ቦታውን ያየነው በጥር ነው። ሜዳው ሣሩ ታጭዶ፣ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ፣ ከእግራችን ሥር እየተንኮሻኮሸ ደረቅ ነበር። ሻጩ ኦቦ ለሚ እዚያው ጎን ከብት የሚያሰማሩ አዛውንት ገበሬ ነበሩ፤ «አካም ቡልተኒ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ሲሉን አባቴ በተሰባበረ ኦሮምኛው መለሰላቸውና ወዲያው ተግባቡ። «በክረምት እዚህ ሲምቢራ ይሞላል፣ ዝይ በለው፣ ዳክዬ በለው፣ እዚህ እዚህ ጋ ነው የሚያርፉት» አሉ፣ በከዘራቸው መሬቱን እየነካኩ። ሲምቢራ ወፍ ማለት ነው። እናቴ ስለ መብራቱ፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀች፤ አባቴ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልጠየቀም። ኦቦ ለሚ ምንም አልደበቁንም። ዝይ ውሃ ከሌለበት እንደማያርፍ ያን ዕለት ከአራታችን የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር፤ የሚያውቀው ግን በዝይዋ በኩል ነበር እንጂ በቤቱ በኩል አስቦት አያውቅም።

ቤቱ በጋው ሳይወጣ ተሠራ፣ ከፊት ሁለት ክፍል በብሎኬት፣ ከኋላ ማድ ቤቱ በጭቃ። በልግ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን እንዳረሰው፣ ሁለት ዝይዎች መጥተው ደጃችን ፊት ለፊት ያለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ አረፉ። አባቴ ሥራ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ አንዱን ጫማ ሳያስር ትቶ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ይህ የቤታችን ሕግ ሆኖ ቀረ፤ ወፍ ያየ ሰው ሳይናገር እጁን ያነሣል፣ የቀረው ሰው ባለበት ይቆማል፣ ወጥ እያማሰለም ቢሆን።

ከዚያ ምርመራው ይጀመራል። ባይናኩላሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥሎ «ምን ታያለሽ፣ ሰሉ?» ሲለኝ እኔ «ግራጫ ናቸው» እለው ነበር፣ እሱም «ቀለሙን መጨረሻ ንገሪኝ። ቀለም ያታልላል። መጀመሪያ አካሄዱን፣ ቀጥሎ የሚበላውን» ይለኝ ነበር። ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ እንደ ጠገበ ሽማግሌ፤ ሣር ይነጫሉ፤ ሲቆሙ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ጀርባቸው ላይ ያስተኙታል፤ ክንፋቸው ላይ ያለው ሰማያዊ የሚታየው ሲበሩ ነው። ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ «ይሄ ዝይ ከኛ ደጋ በቀር የትም የለም። ፈረንጆቹ እሱን ለማየት ስንት መንገድ ነው የሚያስነዱኝ፣ ለኛ ራሱ ደጃችን መጣልን» አለና ወደ እናቴ ዞሮ ሳቀ። እናቴም ያን ጊዜ ሳቀች።

ክረምቱ ሲገባ ሳቋ አለቀ። ከሜዳው የተነሣው ውሃ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ በአጥሩ ሥር ገብቶ ግቢውን ኩሬ አደረገው፣ ቀጥሎ በበሩ ሥር ወደ ቤት ዘለቀ። አልጋዎቹን ብሎኬት ላይ ሰቀልናቸው፤ ከቤቱ እስከ አጥሩ በር ድረስ ደግሞ ብሎኬት ደርድረን በላዩ እየዘለልን እንወጣ ነበር። ጠዋት ስንነሣ የመጀመሪያ ሥራችን ውሃ ማውጣት ነበር፤ እናቴ በባልዲ፣ እኔ በጆግ፣ ናቲ በጣሳ፣ ከወለሉ እየቀዳን በበሩ እንደፋለን፣ ማታ ተመልሶ ይገባል። ልብሱም ፍራሹም ሻገተ፤ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ምን ምን ትሸቻለሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ አፍሬ ከአጠገቧ ፈቀቅ ማለቴን አስታውሳለሁ። እናቴ ቡትስ ጫማ አድርጋ በጭቃው እስከ አስፋልቱ ትሄዳለች፣ ቡትሷን ሱቅ ውስጥ አስቀምጣ ከፌስታል የቢሮ ጫማዋን አውጥታ ታክሲ ትሰለፋለች፣ ማታ ደግሞ በተገላቢጦሽ። አንዳንድ ማታ ቡትሷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትቀር ነበር፣ እኔ ጎትቼ እስካወልቅላት ድረስ። ድካም ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው።

አባቴ ደግሞ እንደዚያ ክረምት ደስ ብሎት አያውቅም። ክረምት ለቱሪስት መኪና ሹፌር ሥራ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ስለሆነ እቤት ይውል ነበር፤ ዱካውን በሩ ላይ አድርጎ፣ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ፣ ባይናኩላሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ይቀመጣል። ዝይዎቹ አጥሩ ጥግ ረጅሙ ሣር ውስጥ እንቁላል ጥለው ነበርና ሲፈለፈሉ ጥቁርና ነጭ ጫጩቶች ከኋላቸው ተሰልፈው በግቢያችን ይዋኙ ጀመር።

«ደምሴ፣ ይሄን ግቢ አፈር እናስሞላው» ትለዋለች እናቴ።

«እናስሞላዋለን። ጫጩቶቹ ይደጉ ብቻ።»

«የኔ ጫጩቶችስ?»

አባቴ ተነሥቶ ባልዲውን ይቀበላትና ውሃውን ማውጣት ይጀምር ነበር፣ ከልቡም ነበር የሚሠራው።

መስከረም ሲጠባ ውሃው ይጎድላል፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፣ እናቴና አባቴም ይታረቃሉ። ለመስቀል አክስቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ እናቴ «አንቺ ደግሞ እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትያለሽ» ትላት ነበር፤ አባቴ ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። «የመስቀል ወፍ እኮ የትም አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ሣር ውስጥ ነው፣ በጋውን ድንቢጥ መስሎ ይከርማል፣ መስከረም ሲደርስ ወንዱ ጥቁሩን ለብሶ ትከሻው ላይ ቢጫውን ጣል ያደርጋል፣ ሰው ያን ጊዜ መጣ ይላል» ብሎ ያስረዳል። አክስቴም የለበሰችውን አዲስ ሹራብ ዝቅ ብላ እያየች ትስቅ ነበር።

ኅዳር ላይ ሣሩ ይታጨድና ሱሉልታ በሙሉ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል፣ ከቁመታቸው በላይ ሣር የጫኑ መኪኖች እየተወዛወዙ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳሉ። ከሩቅ አገር ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ረጃጅም ግራጫ ወፎችም በመንጋ እየተጣሩ ሜዳው ላይ ያርፋሉ፤ ሰፈሩ ባለረጅም እግሩን ሁሉ ሽመላ ነበር የሚለው፣ አባቴ ሽመላ አይደሉም እያለ ከሰው ጋር ሲከራከር ታክሲ ያመልጠው ነበር። ከወፎቹ ጋር ቱሪስቱም ይመጣል። አባቴ መኪናውን አጥቦ፣ ወደ ባሌ፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ ሐይቆቹ ይሄድና በጋውን ብዙውን ጊዜ አናየውም። ግቢው ይደርቃል፣ ብሎኬቶቹ እንደተደረደሩ ያለ ሥራ ይቀራሉ፤ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ስለ ውሃ መጨቃጨቅ ደግሞ ለማንም ይከብዳል። እንዲህ እያለ አፈሩ ሳይሞላ ዓመቱ ይዞራል፣ ዝይዎቹ ይመለሳሉ፣ ክረምት ይገባል፣ እኛም ባልዲያችንን እናነሣለን። እናቴ በየክረምቱ የምትናገረው ቃል እያነሰ ሄደ።

ናቲ ትምህርት ቤት የገባ ዓመት ክረምቱን ሲያስል ከረመ። አንድ የነሐሴ ጠዋት ትንፋሹ እያፏጨ፣ የጎድኑ አጥንት በየትንፋሹ እየተቆጠረ ሲነሣ እናቴ አዘለችውና፣ ብሎኬት ስትመርጥ ጊዜ ላለማጥፋት፣ በባዶ እግሯ ውሃው ውስጥ ገባች። አባቴ ጃንጥላ ይዞ ከኋላ እየተከተላት «ቀስ፣ ዘውዴ፣ ቀስ» ይል ነበር። ዝይዎቹ ከነጫጩቶቻቸው መንገድ ለቀቁላት፤ እሷ ግን አላየቻቸውም። ጤና ጣቢያ ሐኪሙ ሳንባው መታመሙን ነግሯት «ቤታችሁ እርጥበት አለው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃት «ቤታችን ዝይ ነው የሚኖርበት» አለችው። ሐኪሙ የቀለደች መስሎት ፈገግ አለ።

ናቲ ተሽሎት እቤት የገባ ዕለት እናቴ አስተኝታው ስታበቃ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ «ወይ ውሃው ይወጣል፣ ወይ እኔ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ» አለችው። አባቴ ክረምቱ እንደወጣ እንደሚያስሞላ በናቲ ስም ማለላት። እኔ ማንን እንደማምን አላወቅሁም፣ ግን ሁለቱም የምራቸውን መሆኑ ስለገባኝ በጣም ፈራሁ። ኅዳር ሲደርስ ቱሪስቶቹ ቀደም ብለው መጡና አባቴ ሻንጣውን መኪናው ላይ እየጫነ «ስመለስ» አላት።

የካቲት ላይ እቁቧ ወጣላት። ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወሰደች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ አጥሩን በአንድ በኩል አስፈረሰች፣ ሲኖትራኮቹም ተራ በተራ እየገቡ ገረጋንቲያቸውን ደፉ። ቀዩ አፈር ጎድጓዳውን ሞላው፣ አጥሩ ጥግ ያለውን ረጅም ሣር ዋጠው፣ ብሎኬቶቻችንም እንደተደረደሩ ከሥር ቀሩ። ኦቦ ለሚ ከብቶቻቸውን ትተው መጥተው አዩና «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፣ አሁን ቤት ሆነ» አሏት። እናቴ አቧራ በለበሰ ፊቷ «አዎ፣ አሁን ቤት ሆነ» አለቻቸው። ያን ማታ ስትተኛ ስታንኮራፋ ሰማኋት፤ ከዚያ በፊት አንኮራፍታ አታውቅም።

አባቴ በልግ ሊገባ ሲል ተመለሰ። አጥሩ በር ላይ ቆሞ ቀዩን መሬት ከዳር እስከ ዳር አየው፣ ከዚያ ጫማውን ሳያወልቅ በላዩ ተራምዶ ደጃፉ ደረሰ።

«አስሞላሽው» አላት።

«አስሞላሁት።»

«ጥሩ ተደልድሏል።»

አልተቆጣም፣ አላኮረፈም። ባይናኩላሩን ከአንገቱ አውልቆ ከበሩ ኋላ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። እኔ ጠብ ስጠብቅ ስለነበር እርጋታው ባሰብኝ፤ ሮጬ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ለማን እንደማለቅስ ግን አላወቅሁም።

ዝናቡ እንደጀመረ ዝይዎቹ መጡ። እኔና እናቴ ልብስ ልናሰጣ ወጥተን ነበር፤ ቀጭኑን ፉጨታቸውን ሰምቼ ሳላስበው እጄን አነሣሁ፣ እናቴም ባለችበት ቆመች። በላያችን ዞሩ፣ ደግመው ዞሩ፣ ሰማያዊው ክንፋቸው ታየኝ፣ ከዚያ ልክ የድሮው ውሃ በነበረበት ቦታ፣ ገረጋንቲው ላይ አረፉ። በቀስታ ተራመዱ። የሚነጩት ሣር አጡ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ አፈሩን በምንቃሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ቀና አለ፣ ከዚያ ሁለቱም አንገታቸውን ጀርባቸው ላይ አስተኝተው ዝም ብለው ቆሙ፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። ከሰዓት ሲሆን ሄዱ፤ በማግስቱ መጡ፣ በሦስተኛውም ቀን መጡ። አባቴ በሩን ገርበብ አድርጎ ከውስጥ ያያቸው ነበር፣ ባይናኩላሩን ግን ከሚስማሩ አላነሣውም።

በአራተኛው ጠዋት ስነሣ እናቴ ግቢው መሐል ነበረች። የልብስ ማጠቢያውን ትልቁን ሳፋ አውጥታ ገረጋንቲው ላይ አስቀምጣ፣ ከቧንቧው በባልዲ እያመላለሰች እስከ አፉ ሞላችው፣ ከአጥሩ ውጭ የነጨችውን ሣርም በዙሪያው በተነችለት። ኦቦ ለሚ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩና «ዘውዴ፣ ለልብስ ነው ወይስ ለሲምቢራ?» አሏት። «ለልብስ ነው፣ ኦቦ ለሚ» አለች። ልብሱን ሁሉ ከሦስት ቀን በፊት አጥበን ጨርሰን ነበር። አባቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ይህን ሁሉ አየ፤ ባይናኩላሩን አንሥቶ ዓይኑ ላይ ሲያደርገው አይቻለሁ፣ ግን ወደ ሰማይ አልነበረም የሚመለከተው።

ዝይዎቹ ያን ቀን መጥተው በላያችን አንዴ ዞሩና ሳያርፉ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ያን ክረምት ወለላችን ደርቆ ከረመ፣ ናቲ ሳያስል ተኛ፣ እናቴ በቢሮ ጫማዋ ከቤት ወጣች። እናቴ ትክክል ነበረች፤ አባቴም ቢሆን ይህን አንድ ቀንም አልካደም።

አሁን ናቲ ሰበታ አግብቶ ይኖራል፣ ደረቱ እንደ ከበሮ ነው። የሱሉልታው ሜዳ በግንብ አጥርና በመጋዘን ተከፋፍሏል፣ ኦቦ ለሚ አርፈዋል፣ ልጆቻቸውም ከብት የላቸውም። እኔ ጠዋት ታክሲ ለመያዝ ስሰለፍ ጋጋኖዎቹ በሰልፉ ላይ እየጮኹ ያልፋሉ፤ ቀና የሚል ሰው የለም፣ እኔም አንዳንዴ ይደክመኛል። እጄን ባነሣ ሰልፉ የሚቆምልኝ አይመስለኝም።

ባለፈው ሐምሌ ወላጆቼን ልጠይቅ ሄጄ አደርኩ። ጠዋት ስነሣ አባቴ መስኮቱ ጋ ነበር፣ ባይናኩላሩን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ። እናቴን በመስኮቱ አየኋት፤ አባቴ እንዳስተማረኝ መጀመሪያ አካሄዷን አየሁ፤ ባልዲ ይዛ፣ ቁርጥማት የያዘውን ግራ ጉልበቷን እየጎተተች፣ በየእርምጃው ትንሽ እያረፈች ትሄዳለች። ወጥቼ ባልዲውን ልቀበላት ብል አልሰጥም አለችኝ።

«እማዬ፣ ዝይ እኮ አይመጣም» አልኳት።

«ለዝይ ማን አለሽ? ለድንቢጥ ነው።»

ለድንቢጥ ጣሳ ይበቃ ነበር። እሷ ግን ዛሬም የምትሞላው ያንኑ ትልቁን ሳፋ ነው፣ የቧንቧ ውሃ ስንት ቀን ጠፍቶ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከጄሪካን እየቀነሰች። ያኔ ልጆች ሆነን ከዚያ ቤት ውሃ በባልዲ እየቀዳን ስናወጣ ክረምቱ ያልቅ ነበር፤ ዛሬ ቤቱ ደርቆ፣ እናቴ በየክረምቱ ጠዋት ጠዋት ውሃ በባልዲ ተሸክማ ወደዚያው ግቢ ታስገባለች።